የድር ተራዋ እናት



አባቶቻችን የሁለት ዓይነት ሰዎችን ታሪክ ተግተው ይጽፉ ነበር። ለቅዱሳን ገድል፣ ለነገሥታት ዜና መዋዕል ይጻፍላቸዋል። ቅዱሱ በጾሙና በተጋድሎው፣ ንጉሡ በዙፋኑና በዘመቻው ሲታወስ ይኖራል። በመካከል የሚገኘው ሕዝብ ግን፣ ማልዶ ተነሥቶ ወደ ተግባሩ የሚሄደው፣ ግብሩን የሚከፍለው፣ ልጆቹን የሚያሳድገው፣ በሰንበት አስቀድሶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው፣ ስሙ ከሁለቱም መጻሕፍት አይገኝም። ባረፈ ጊዜ ካህኑ በክርስትና ስሙ ይፈታዋል፤ በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ይታሰባል። ልጆቹም ተራቸው ደርሶ ሲያልፉ፣ ያ ሰው የሠራው ሥራና ያየው ዘመን ሁሉ አብሮ ይረሳል።

እንግዲህ እናስተውል። አዋጅ የሚጻፈው በቤተ መንግሥት ነው፤ የሚፈጸመው ግን በሕዝብ ቤት ነው። ጦርነት ሲነሣ ስንቅ የምታሰናዳ፣ ገንዘብ ሲለወጥ በባንክ በር የምትሰለፍ፣ መንግሥት ሲወድቅ መደቧን አጥፋ ልጆቿን የምትሰበስብ እናት ታሪክን ከሩቅ የምታይ ሰው አይደለችም። ታሪክ የሚያልፈው በእርሷ ጓዳ በኩል ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን የአንዲት የመርካቶ እናት ዕድሜ ከዘመናቸው ታሪክ ጋራ አጠጋግተን እንመለከታለን። ስማቸውን አንጽፍም፤ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው አልወደዱትምና። «ስሜን የሚያውቀው ያውቀዋል» ይሉ ነበር። ገበያተኛው «እትዬ»፣ የሰፈሩ ልጅ «እማማ» ሲላቸው ኖረው፣ በዘመነ ማርቆስ በ2014 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

የተወለዱበትን ዓመት በወረቀት አላገኘነውም። እሳቸው የሚያውቁት እናታቸው የነገሯቸውን ብቻ ነበር፤ ይኸውም «በዘመነ ማቴዎስ፣ ለንግሡ ጥቂት ሲቀረው» የሚል ነው። ይህ ቃል ለማያስተውል ሰው ግምት ይመስለዋል፤ የቤተ ክርስቲያንን አቈጣጠር ለተማረ ግን የታወቀ ዓመት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የተፈጸመው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የነበረውን የማቴዎስን ዘመን ለማግኘት 1921 ላይ 5500 ብንደምር 7421 ይሆናል፤ ይህንም ለአራት ብናካፍለው 1855 ደርሶ 1 ይቀራል። አንድ ሲቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ሲቀር ማርቆስ፣ ሦስት ሲቀር ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነውና እኚህ እናት የተወለዱት በ1921 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ከሆነ ሲያርፉ ዕድሜያቸው ዘጠና ሦስት ዓመት ነበር።

ወላጆቻቸው ከቡልጋ መጥተው በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ የሚቆመው በዚያው በአራዳ ነው። እናታቸው ጥጥ ገዝተው ፈትለው ፈትሉን ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያው ይሸጡ ነበር። ልጅቱም እንዝርት የያዘችው ፊደል ከመቍጠሯ በፊት ነው፤ ፊደልስ ኋላም አልቈጠረችም።

ስለ ፈትል ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የዛሬ ልጆች ነጠላውን ይለብሱታል እንጂ ከየት እንደ መጣ አያውቁምና። ጥጡ መጀመሪያ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለውም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይባላል። ሸማኔው ሸማውን ሲሠራ በርዝመቱ የሚዘረጋው ክር ድር፣ በአግድሙ የሚያስገባው ክር ማግ ነው። ፋብሪካ ከመጣ ወዲህ ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን የሴቶች የእጅ ፈትል ሆኖ ቆይቷል። እኚህ እናት በድር ተራ ተቀምጠው የሚሸጡት ማግ ነበር።

ፈትል ለማታለል የተመቸ ሸቀጥ ነው። ልቃቂቱን ከውስጥ በወፍራም ፈትል ሞልቶ ከላይ በቀጭኑ መሸፈን ይቻላል፤ ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ አርከፍክፎ ማቅረብም ይቻላል። ሸማኔው ነገሩን የሚደርስበት ቤቱ ገብቶ ቀሰሙን ሲጠቀልል ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተናገረውን እኚህ እናት በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በቅዳሴና በስብከት ሰምተው በእጃቸው ጠበቁት እንጂ። ልቃቂታቸውን ገዢው ፊት ፈትተው ውስጡን ያሳዩ ነበር።

አሁን ወደ ዘመናቸው እንመለስ። የገበያ ሰው ዘመንን የሚቈጥረው በእጁ በሚገባው ገንዘብ ነው። እኚህ እናት በዕድሜያቸው ሰባት ዓይነት ገንዘብ ይዘዋል። ከእያንዳንዱም አንድ አንድ አስቀርተው በመሀረብ ቋጥረው አኑረው ነበር። ሀብት ለማድረግ አይደለም። የልጅ ልጆቻቸው ስለ ገንዘብ ሲጣሉ ቋጠሮውን ፈትተው «ይህም አልፏል፣ ይህም አልፏል» እያሉ ለማሳየት ነው።

መጀመሪያው ጠገራ ብር ነው። ይህ የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የሚጻፍበት የብር ገንዘብ ነው። ዓፄ ምኒልክም በምስላቸው ብር አስመትተው ነበር፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ አልተወም። የእኚህ እናት አባት ወደ ማይጨው ዘምተው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሆነው ጦርነት አልተመለሱም። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው በዘረፋና በእሳት ላይ ነበረ። እናታቸው የነበሯቸውን ዐሥራ አንድ ጠገራ በገንቦ አድርገው ከምድጃው ሥር ቀበሩ።

ልጅቱ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። ዓመት ሳይሞላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ የፋሺስት ሠራዊትና ባለ ጥቁር ሸሚዞቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ፈጁ፤ የድሆችን ጎጆ አቃጠሉ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ላይ እሳት ለቀቁ። እናትና ልጅ በጎረቤት ጓዳ ተሸሽገው ተረፉ። ሲመለሱ ቤታቸው ዐመድ ሆኗል። ምድጃውን ቢቈፍሩ ዐሥራ አንዱ ጠገራ ጠቍሮ ተገኘ። ሕዝቡ ለምን ወረቀት ትቶ ብረት እንደ መረጠ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያሻም።

ሁለተኛው የጣልያን ሊሬ ነው። ጠላት ሊሬውን በአዋጅ አወጣ፤ ነጋዴው ግን ጠገራውን እየሸሸገ ወረቀቱን ብቻ ያዘዋውር ነበር። ጣልያን ይህን አስቀድሞ ያውቅ ስለ ነበር ወረራውን ሲያሰናዳ የማርያ ቴሬዛን ብር በሮማ አስመትቷል። ነጩንና ጥቍሩን በሰፈር ለመለየት በነደፈው ፕላንም የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። አራዳ ፒያሳ ተባለ፤ አዲሱ ሰፈር አዲስ ከተማ፣ ገበያውም በጣልያንኛ ቃል መርካቶ ተባለ። ዛሬ በዓለም ዘንድ ስሙ የታወቀው ገበያችን የተመሠረተው ሕዝቡን ከመካከል ከተማ ለማራቅ በታሰበ ክፉ ሐሳብ ነው። ሕዝቡ ግን የተገፋበትን ስፍራ የራሱ አደረገው፤ በአምስቱ ዓመት ወረራ የተሠራውን ገበያ ወራሪው ከሄደ በኋላ አሰፋው እንጂ አላፈረሰውም። ያች ሴትም ዐሥራ አንዱን ጠገራ ይዘው ጥጥ ገዝተው ከልጃቸው ጋራ በአዲሱ ገበያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ከዚያ ስፍራ ሰማንያ ዓመት ያህል አልተነሣችም።

ሦስተኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው ሽልንግ በገበያ ዋለ። ሊሬው በሃያ አራት አንድ ሽልንግ ሆኖ ተመነዘረ። የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ የሃያ አራትን ማባዣ በቃሏ ያጠናችው ያን ጊዜ ነው፤ እናቷ ያጠራቀሙት የሊሬ ወረቀት ተመንዝሮ ከመዳፍ የማይሞላ ሲሆንም አየች።

አራተኛው የራሳችን ገንዘብ ነው። በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር ታወጀ። ሳንቲሞቹ በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ የተመቱ ሲሆኑ በላያቸው የተጻፈው ዓመት 1936 ነው፤ የ50 ሳንቲሙም ከብር የተሠራ ነበር። ሁለት ሽልንግ በአንድ ብር ስለ ተመነዘረ፣ ገንዘቡ ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሕዝባችን 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» ማለቱን አልተወም። «ብር» የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ የምንይዘው ወረቀት ሆኖ ሳለ የምንጠራው በጠገራው ማዕድን ስም ነው።

በዚህ ዘመን እኚህ እናት አግብተው ወለዱ። ባለቤታቸው በበረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና ልብስ የሚሰፉ ሰው ነበሩ። አራት ልጆች ወልደው በ1955 ዓ.ም. ባላቸው በሕመም ዐረፉ። ያ ዓመት የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱበት ዓመት ነው። ከተማው በባንዲራ ሲያጌጥ እሳቸው በከል ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አራቱን ልጆች ያሳደገው እንዝርቱ ነው። የፋብሪካ ጨርቅና የተሰፋ ልብስ በየጊዜው ሲበዛ የእጅ ፈትል የሚቀር መስሎ ነበር። አልቀረም። ሕዝባችን በሥራ ቀን የፈለገውን ቢለብስ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለሠርግ ነጭ ሸማ ይሻልና ነው። በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የምንለብሰው ነጠላ የስንቱን ድሃ ቤት ሲያኖር እንደ ነበረ ልብ ልንለው ይገባል። ከሽሮ ሜዳ የሚመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ከእኚህ እናት ማግ ይወስዳሉ፤ ሸማው ሲሸጥ ይከፍላሉ። እሳቸውም ጥጡን በዱቤ የሚወስዱት ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። በአንዋር መስጊድና በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለው ገበያ በእንዲህ ያለ መተማመን የቆመ ነው። ወረቀትና ፊርማ በመካከላቸው አልነበረም።

መጻፍ ስለማያውቁ ዕዳውን የሚመዘግቡት በክር ነው። ለእያንዳንዱ ሸማኔ አንድ ክር በግድግዳው ላይ ይሰቀልለታል። አንድ ብር ሲበደር አንድ ቋጠሮ፣ ሽልንግ ሲበደር ላላ ያለ ቀለበት ይታሰራል። ሲከፍልም ቋጠሮው በፊቱ ይፈታል። አንድም ሸማኔ «ቋጠሮዬ በዝቷል» ብሎ እንዳልተከራከረ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

ዓመታቱም በገበያው ላይ አለፉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር መርካቶ ተዘግቶ ዋለ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት የታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙና የወሎ ረኀብ ወሬ ከተማውን ሲያናውጠው አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቍጥር 47 ወጣ።

ከዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። እኚህ እናት ተከራይ ነበሩ። ቤቱን ያከራዩዋቸው በዕድሜ የገፉ አንዲት መበለት ሲሆኑ፣ ባላቸው ትተውላቸው ከሄዱት ሁለት ትንንሽ ቤቶች በአንደኛው ይኖራሉ፣ የአንደኛውን ኪራይ ይበላሉ። አዋጁ ሲወጣ የሚከራየው ቤት ትርፍ ተባለና ለቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩም ቀነሰ። አዋጁ ለብዙ ተከራይ ዕረፍት እንደ ሆነ አይካድም። በኪራይ ጭንቅ ውስጥ የነበረ ድሃ ሁሉ እፎይ ብሏል። የአራት ልጆች እናት ለሆኑት ለፈትል ሻጭዋም በየወሩ የተወሰነ ብር ተረፋቸው።

እሳቸው ግን እንዲህ አደረጉ። ለቀበሌው የታዘዘውን ኪራይ በወቅቱ ይከፍላሉ፤ የተረፈውን ብር በመሀረብ ጫፍ ቋጥረው ማታ ማታ፣ ሰው ሳያይ፣ ለመበለቲቱ ያደርሳሉ። መበለቲቱ እስኪያርፉ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አልተቋረጠም። ነገሩ የታወቀው በመበለቲቱ ተዝካር ላይ የእኅታቸው ልጅ ስትናገር ነው። ለምን እንዳደረጉት በተጠየቁ ጊዜ የመለሱት አጭር ነበር፤ «መንግሥት የቀነሰልኝን እኔ አልሠራሁበትም። የእኚያ ሴት እንጀራ ነበር። እኔ ደግሞ እጅ አለኝ» አሉ።

ውድ አንባብያን፤ ይህ ነገር በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አይገኝም። የአዋጁ ቍጥርና ቀን ተጽፏል፤ ስለ አዋጁ ጥቅምና ጉዳት ምሁራን ተከራክረዋል፤ ወደፊትም ይከራከራሉ። ነገር ግን በአዋጁና በሰው መካከል አንዲት ፈታይ ሴት ቆማ ያደረገችውን ሚዛን የሚጽፈው ማነው? ወንጌላችን የድሃይቱን መበለት ሁለት ሳንቲም የቈጠረው፣ ሀብታሞች የሰጡት ሁሉ ሳይጻፍ ቀርቶ እርሷ የሰጠችው እንዳይረሳ አይደለምን?

አምስተኛው ገንዘብ በ1969 ዓ.ም. ጥቅምት የወጣው ብር ነው። የንጉሡ ምስል ያለበት ኖት ቀርቶ በምትኩ የሠራተኛውን ሕዝብ ሥዕል የያዘ መጣ። በዐሥር ብሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ተሥላለች። እኚህ እናት በቋጠሯቸው ያስቀመጡት ይህን ዐሥር ብር ነው፤ «እኔን ትመስላለች» እያሉ። ለውጡ በታወጀ ጊዜ ዕዳ ያለባቸው ሸማኔዎች ሁሉ አሮጌውን ኖት ይዘው ሊከፍሉ መጡ። ሌላ ነጋዴ «አዲሱን አምጡ» ብሎ ይመልስ ነበር። እሳቸው «ስትበደሩ የተበደራችሁት በዚህ ነው» ብለው ተቀበሉና ቋጠሮውን ፈቱ፤ ገንዘቡንም ታቅፈው ሁለት ቀን በባንክ በር ተሰለፉ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመናገር ይከብዳል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በአዲስ አበባ ላይ ወረደ። ሁለተኛው ልጃቸው የዐሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለ አንድ ማለዳ ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። አስከሬኑ አልተሰጠም፤ ልቅሶ መቀመጥም በይፋ አልተቻለም። እናቲቱ በየሳምንቱ ሰንበት ለቅዳሴ ሲሄዱ የልጃቸውን የክርስትና ስም ለካህኑ ይነግሩ ነበር። አርባ ዓመት ሲያልፍም ይህን አላስታጐሉም። የቤተ ክርስቲያን ጥቅም ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው ይህ አንዱ መልስ ነው፤ መንግሥት ስሙን ሊጠራ ያልፈቀደለትን ልጅ መቅደስ በስሙ ጠርታዋለች።

በ1977 ዓ.ም. ረኀብ አገሩን ሲመታ በሰንበቴው አዋጡ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እንደ ልማዳቸው መደባቸውን አጥፈው ሦስት ቀን ቤት ዋሉ፤ በአራተኛው ቀን ተመልሰው ተቀመጡ። ስድስተኛው ገንዘብ የመጣው ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘቧን ባወጣች ጊዜ ነው፤ ኢትዮጵያም በ1990 ዓ.ም. ኖቷን ለወጠች። በግንቦት ወር በባድመ ጦርነት ተነሣ። በድር ተራ ሠላሳ ዓመት አጠገባቸው የተቀመጠች ኤርትራዊት ባልንጀራቸውም አገር ለቃ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ሲሰናበቱ አንዳቸው በሌላው ዕዳ እንደሌለባቸው ተሳስበው፣ ተቃቅፈው አለቀሱ።

በእርጅናቸው ዘመን ዐይናቸው ደከመ፤ እንዝርቱ ግን ዐይን አይሻም ይሉ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከስፍራው በተነሣ ጊዜ ከማንም ይልቅ የታወኩት እሳቸው ነበሩ። የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ «አቡነ ጴጥሮስ ተመለሱ ወይ?» ይሉ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ሲመለስ የልጅ ልጃቸው ወስዳ አሳየቻቸው። በሰባት ዓመታቸው የሰሙትን የጥይት ድምፅ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ሲናገሩ፣ ቀኑን «የሐምሌ ዑራኤል» ብለው በበዓሉ ነበር የጠሩት።

ሰባተኛው ገንዘብ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የወጣው ነው። የዐሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች ተለወጡ፣ የሁለት መቶ ብር ኖትም ተጨመረ፤ ለመለወጫም ሦስት ወር ተሰጠ። እሳቸው ለመግነዛቸውና ለተዝካራቸው ያኖሩትን ገንዘብ ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው፣ አንዲቱን አዲስ ዐሥር ብር በቋጠሮው ጨምሩልኝ አሉ። በዓመቱ ዐረፉ። ባረፉ ጊዜ በግድግዳው ላይ ሦስት ክር ተገኘ፤ ሦስቱ ሸማኔዎችም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ዕዳቸውን ከፍለው ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱ።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ምንድን ነው? የታሪክ ድር የሚዘረጋው ከእኛ ፈቃድ ውጭ ነው። ጦርነቱን፣ አዋጁን፣ የገንዘቡን ለውጥ እኚህ እናት አልመረጡም። ማጉ ግን የእሳቸው ነበር። ያለ ማግ ድር ብቻውን ሸማ እንደማይሆን ሁሉ፣ ዘመንም በውስጡ የኖሩት ሰዎች ሥራ ካልተጻፈ ሙሉ ታሪክ አይሆንም። ልጆቻችን የመንግሥታትን ስምና ዓመት በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው እንዴት ታማኝ ሆኖ ኖረ የሚለውን የሚማሩት ከአያቶቻቸው ብቻ ነው።

ይህም እጅግ ያስቸኵላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ታላቅ እሳት የስንቱን ሰው የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት እንዳጠፋ ሁላችን ሰምተናል። የተቃጠለ ሱቅ በድካም ይሠራል። ሳትጠየቅ ያረፈች እናት የያዘችው ነገር ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በዚህ ወር አንድ ደብተር ያዘጋጅ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ ጸሓፊው እርሱ ይሁን። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ፣ ከአረጋዊው ወይም ከአረጋዊቱ አጠገብ ይቀመጥና በትሕትና ይጠይቅ። መጀመሪያ የክርስትና ስማቸውን፣ የተጠመቁበትን ቤተ ክርስቲያንና የንስሐ አባታቸውን ይጻፍ። ቀጥሎ የተወለዱት በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደ ሆነና ያን ጊዜ ምን የታወቀ ነገር እንደ ተደረገ ይጠይቅ፤ ዓመቱን ከዚህ በላይ ባሳየነው ስሌት ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራቸው ይጠይቅ፤ መሣሪያው ምን ይባል እንደ ነበረ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ምን ያህል ይሸጡ እንደ ነበረ። በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን ይጠይቅ፤ በከፋው ጊዜ ማን ደረሰላቸው? እነርሱስ ለማን ደረሱ? አረጋውያን ያደረጉትን በጎ ነገር ራሳቸው አይናገሩምና፣ ይህን ጎረቤትና የሰንበቴ ማኅበርተኛም ይጠየቅ።

አንዳንድ ወላጅ «የእኛ ኑሮ ምን የሚጻፍ አለው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የዚያች ፈታይ እናት ኑሮም ከውጭ ሲታይ መሬት ላይ ተቀምጦ ማግ መሸጥ ብቻ ነበር። ሰባት ዓይነት ገንዘብ በእጃቸው ሲያልፍ ሚዛናቸው እንዳልተለወጠ የታወቀው፣ ሰው ጠይቆ ስለ ሰማ ነው። ሚዛኑን የሚያውቅ እግዚአብሔር አይረሳም፤ መርሳት የእኛ ነው፤ ስለዚህም መጻፍ የእኛ ግዴታ ነው።

የእኚህን እናትና በየቤታችሁ ያረፉትን የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ነፍስ ልዑል እግዚአብሔር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። በሕይወት ያሉትንም ዕድሜ ይስጥልን፤ እኛንም የሚጠይቅ አንደበትና የሚሰማ ጆሮ ያድለን። አሜን።